ጳጉሜ ደሞዝ የለውም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ገጽ የምትከታተሉ ሁሉ፣ ዛሬ ጳጉሜ 5 ነው። ነገ 2018 ዓ.ም. ይገባል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ የዶሮው ሽንኩርት እስኪቁላላ አንብቡት።

በየዓመቱ በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር ሁለት ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። አንዱ አደይ አበባ ያለበት ፎቶ ነው፤ "ቲቸር እንኳን አደረሰህ" ይላል። ሌላው ጥያቄ ነው፦ "ቲቸር፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?" ዘንድሮ ሁለተኛው በዝቷል። ምክንያቱ አይጠፋችሁም። ከመስከረም ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ ይጨምራል፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ይላል፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚጀምር ሰው ደግሞ 11,500 ብር ያገኛል ተብሏል። ግብር የማይነካው የደሞዝ መጠንም ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ስለዚህ ሰው "ይሄን ጭማሪ ምን ላርገው?" ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ገበያው ሳይቀድመው ማለቴ ነው።

እስካሁን ሁለቱን መልእክቶች ለየብቻ ነበር የምመልሰው። ለበዓሉ ምኞት "አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን"፣ ለመጽሐፉ ጥያቄ ደግሞ የመጽሐፍ ስም። ዘንድሮ ግን አንድ ላይ መመለስ ፈለግኩ። ምክንያቱም ጥያቄው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ምስጋናና ሒሳብ አይጣሉም። እንዲያውም ያገኘውን ያልቆጠረ ሰው በደንብ አላመሰገነም ባይ ነኝ። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ስለ ጳጉሜ እናውራ።

አገራችንን ለቱሪስት ስናስተዋውቅ "የ13 ወር ፀሐይ" እንላለን። እውነት ነው፣ 13 ወር አለን። ደሞዝ ግን 12 ነው። ጳጉሜ ደሞዝ የለውም። አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን፣ ምን ያህል ትጎዳለች ትሉ ይሆናል። እስቲ ቁጠሩት። የነሐሴ ደሞዝ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ቀጣዩ መስከረም መጨረሻ ነው። በመሀሉ 35 ቀን አለ። በነዚህ 35 ቀናት ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ መስከረም 17 መስቀል አለ። ዘንድሮ መውሊድም በነሐሴ መጨረሻ ስለዋለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ከበዓል በቀጥታ ወደ ደብተር ግዢ ነው የገቡት። በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ የደሞዝ ወርና ወጪ የሚበዛበት ወር የሚገጥሙት እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ጥቅምት ላይ "ገንዘቤን ምን በላው?" እንላለን። የበላው የታወቀ ነው እኮ! ካላንደር ላይ በቀይ ተጽፎ ነበር።

የሚገርመው ነገር እኛ ቀን በመቁጠር የታወቅን ሰዎች መሆናችን ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚባል የራሳችን የዘመን ስሌት አለን። ገና ዓመቱ ሲጀመር የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበት ቀን ተሰልቶ ይታወጃል። አንዱን ቀላል ስሌት እዚሁ እንሥራው። 5500 ላይ 2018 ደምሩ፣ 7518 ይመጣል። ለአራት አካፍሉት፣ ሁለት ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ ነው፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ስለዚህ ነገ የሚገባው ዘመነ ማርቆስ ነው። ፋሲካ ደግሞ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም፤ በ2018 የሚውለው ሚያዝያ 4 ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11። ዛሬ ማታ ቁጭ ብለን የዓመቱን በዓላት በሙሉ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ እንችላለን። የፋሲካን ቀን ከሰባት ወር በፊት እያወቅን፣ የፋሲካው ዶሮ ግን ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ ያስደነግጠናል።

በዓል ድንገተኛ ወጪ አይደለም። ድንገተኛ ወጪ ሕመም ነው፣ ሐዘን ነው፣ ከሥራ መፈናቀል ነው። በዓል ቀጠሮ አለው።

መፍትሔው ከባድ ሒሳብ አይጠይቅም። የቤት ወጪያችሁ በወር 9,000 ብር ነው እንበል። በቀን 300 ብር መሆኑ ነው። አምስቱ የጳጉሜ ቀናት 1,500 ብር ይሆናሉ። ለ12 ወር ሲካፈል 125 ብር። ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ 125 ብር "የጳጉሜ" ተብሎ ለብቻው ቢቀመጥ የሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜ ራሷን ችላ ታልፋለች። እንቁጣጣሽንም፣ ገናንም፣ ፋሲካንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ቁጥሩን በየቤታችሁ ልክ ቀይሩት፤ አሠራሩ ያው ነው።

አሁን ወደ ምስጋናው ልምጣ።

እኛ አገር "ተመስገን" የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ተመስገን ያለውን አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ከየት እንደመጣ አውቆ ከልብ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ወሬ መዝጊያ ነው። "ኑሮ እንዴት ነው?" "ተመስገን፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል።" በቃ፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። በዚህኛው ማንንም አልወቅስም፤ ስንት ነገር ተሸክመን እንደምንውል አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለተኛው ተመስገን ገንዘብ ላይ ሲሆን ውድ ያስከፍላል። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ የማን ዕዳ እንዳለብን ላለማየት መጋረጃ ይሆናል። "እሱ ያውቃል" ብለን ደብተሩን እንዘጋለን። እሱማ ያውቃል። እኛም እንድናውቅ ነው እኮ ቁጥር የተማርነው።

እምነቶቻችን ራሳቸው ያልተቆጠረ ምስጋና አይቀበሉም። አሥራት ከአሥር አንድ ነው። ያገኘውን ያልቆጠረ ሰው አሥራቱን ከየት ያመጣዋል? ዘካም እንደዚያው ነው። ከተወሰነው መነሻ በላይ ሆኖ ዓመት በሞላው ገንዘብ ላይ 2.5 በመቶ ይወጣል፤ ከአርባ አንድ ማለት ነው። ዘካ የሚያወጣ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ ያለውን በሙሉ መቁጠር ግዴታው ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው "ስስታም" ይባላል። እንደኔ ግን መቁጠር የስስት ምልክት አይደለም። የተሰጠውን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

እሺ፣ መጽሐፎቹስ?

ከልደታ ተነስቶ በሜክሲኮ በኩል ወደ ለገሃርና ወደ ብሔራዊ ቲያትር የሚሄድ ሰው መጽሐፍ ክንዳቸው ላይ ደርድረው የሚያዞሩ ልጆችን ሳያገኝ አይመለስም። ከተደረደሩት ውስጥ ወደ አማርኛ የተመለሱ የገንዘብ መጽሐፎች አይጠፉም። ብዙዎቻችሁ ስለ ሦስቱ ነው የምትጠይቁኝ፤ ስለነሱ የምለውን ልበል።

አንደኛው የጆርጅ ክላሰን የባቢሎኑ ባለጸጋ ነው። በእኛ ቤት የጥንት ጥበብ ይመስለናል እንጂ የታተመው በ1926 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው። ክላሰን የካርታ አሳታሚ ነበር። ታሪኮቹ መጽሐፍ ከመሆናቸው በፊት ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ለደንበኞቻቸው የሚያድሏቸው ትንንሽ ጽሑፎች ነበሩ። ባንክ ገንዘብህን አስቀምጥ የሚል ጽሑፍ ቢያድል አይገርምም፤ ምክሩ ግን በዚህ ምክንያት ውሸት አይሆንም። ፍሬ ነገሩ ካገኘኸው ከአሥር አንዱን ለማንም ሳትከፍል በፊት ለራስህ አስቀር ነው። ሁለተኛው በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮበርት ኪዮሳኪ የሀብታም አባትና የድሃ አባት መጽሐፍ ነው። ቁም ነገሩ ኪስህ ውስጥ ገንዘብ የሚጨምረውን ነገር ከኪስህ ከሚያወጣው ለይተህ እወቅ ነው። ሦስተኛው የሞርጋን ሃውስል የገንዘብ ሥነ ልቦና ነው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሱ ደግሞ "በቃኝ" ማለትን የማያውቅ ሰው ምንም ቢያገኝ ሊያጣው እንደሚችል ያስረዳል።

ሦስቱም መነበብ አለባቸው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ።

የመጀመሪያው፣ መጽሐፎቹ የተጻፉት ለሌላ ገበያ ነው። በጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በግንቦት 2014 ዓመታዊው የዋጋ ንረት 37.2 በመቶ ደርሶ ነበር። እስቲ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 10,000 ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር አገኘ። ከዓመት በፊት በ10,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ግን 13,720 ብር ሆኖ ጠበቀው። ቆጥቦ ከሰረ ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ በየወሩ ሳያቋርጥ ያስገባ ሰው ይሄን ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ "ቆጥብ" የሚለው ምክር እኛ ጋ ሲደርስ "ለምን ያህል ጊዜ?" የሚል ጥያቄ መከተል አለበት። ለገና የሚሆን ገንዘብ አራት ወር ባንክ ቢቀመጥ ብዙ አይጎዳም። ለአሥር ዓመት የታሰበ ገንዘብ ግን ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይሟሟል።

ሌላ መንገድም እየተከፈተ ነው። በጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ሽያጩ ሲያበቃ የገዙት 47,377 ሰዎች ናቸው፣ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገደማ። በጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። ይሄን የማነሳው ግዙ ወይም አትግዙ ለማለት አይደለም። ለብዙ ደሞዝተኛ መግቢያው ብቻ የአንድ ወር ሙሉ ደሞዝ ነበር። ግን ቃሉን ልመዱት፣ ሕጉን አንብቡት። ቀኑ ሲመጣ ከመንገድ ወሬ ሰምታችሁ እንዳትገቡ።

ሁለተኛው ነገር ለኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። እነዚህ መጽሐፎች የሚያናግሩት ብቻውን የቆመን ሰው ነው። "ለራስህ ቅድሚያ ክፈል" ሲሉ ያ ሰው ገጠር እናት የለችውም፣ ኮሌጅ የገባ ታናሽ ወንድም የለውም፣ ዕድር የለበትም። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ያነበቡ አንዳንድ ወጣቶች ለእናታቸው የሚልኩትን ገንዘብ "ፍሳሽ" ብለው ሲቆጥሩ እሰማለሁ። ይሄ ያሳስበኛል።

ልጆች፣ ብዙዎቻችን የእናት እቁብ ያስተማረን ሰዎች ነን። እንጀራ ተሽጦ፣ አረቄ ተወጥቶ፣ ጉሊት ተውሎ የተጣለ እቁብ ነው ዩኒፎርም የሆነን። ያቺ ሴትዮ የትኛውንም መጽሐፍ ሳታነብ ከሁሉም በፊት ያስቀመጠችው ብር ነበር፤ ያስቀመጠችው ግን እኛ ላይ ነው። የሰው ቁጠባ ነን እኛ። ታዲያ ደሞዝ ስንይዝ "ለራሴ ቅድሚያ" ከማለታችን በፊት "ለኔ ቅድሚያ የከፈለው ማን ነበር?" ብለን መጠየቅ አለብን። በወር በጀታችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፤ "የምስጋና" በሉት። ለእናት፣ ለአክስት፣ ላሳደገች ጎረቤት። መቶ ብርም ትሁን። ዋናው ተቆጥራ የተቀመጠች መሆኗ ነው፤ ከተረፈ ይሰጣል ከተባለ እንደማይተርፍ ሁላችንም እናውቃለን። የታወቀ ልክ ሲኖራት ለሁለቱም ወገን ይሻላል። እናት መቼ ምን እንደሚመጣላት ታውቃለች፣ ልጅም በየሳምንቱ ስልክ ሲጠራ አይደነግጥም።

እዚህ ላይ የራሳችንን መጽሐፎች ላንሳ። አልተጻፉም እንጂ መጽሐፍ ናቸው።

ቅርጫን ውሰዱ። እኛ ሰፈር በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ አሁንም አለ። ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ይገዛል፣ ንጋት ላይ ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ ይከፈላል። ከየብልቱ ለሁሉም መደብ ይደርሳል፤ ለአንዱ ሻኛ ብቻ፣ ለሌላው አጥንት ብቻ የለም። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። እንበልና በሬው 120,000 ብር ወጣበት፣ ሰዎቹ ደግሞ 12 ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 10,000 ብር ይደርሳል። አቅም ያነሰው ከሌላው ጋር ሆኖ ግማሽ መደብ ይገባል። ዋጋው አስቀድሞ ይታወቃል፣ ባለ መኪናውና ጥበቃው እኩል ይደርሳቸዋል፣ "የኔ በግ ከሱ በግ ያንሳል" የሚባል ውድድር የለም። በዓል፣ ጉርብትናና ሒሳብ አንድ ሸራ ላይ ተዘርግተው የምታዩት እዚያ ነው። ለቅርጫ ተብሎ በየወሩ የሚጣል እቁብ ያላቸውም አሉ፤ እነሱ በዓሉ ሲደርስ አይንጫጩም።

እቁብም እንደዚሁ። 12 ሰው በየወሩ 1,000 ብር ቢጥል በየወሩ ለአንድ ሰው 12,000 ብር ይደርሳል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ የተበደረ ነው፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ ያበደረ። ዋጋ እየናረ ሲሄድ የመጨረሻው ይጎዳል፤ ለዚህ ነው ዕጣው፣ ለዚህ ነው "ልጄን ላስመዘግብ ነው፣ ቅደም በሉኝ" ሲባል የሚለቀቀው። ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ዋሱ ሁሉም ሥራ አላቸው። ባንክ የማያውቀው ነገር እዚያ ውስጥ አለ፤ የቀረህ ቀን "ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?" ብሎ የሚደውል ሰው።

ከቅርጫና ከእቁብ በተቃራኒ ያለው ብድር ነው። የማወራው ስለ በዓል ብድር ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ፣ በ2014 መጨረሻ ደግሞ "መላ" እና "እንደኪሴ" የሚባሉት አገልግሎቶች ከተጨመሩ ወዲህ ብድር ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። አገልግሎቱ በራሱ መጥፎ አይደለም። ሌሊት ልጅ ታሞበት ታክሲ የሚከፍለው ያጣ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ነገር ግን ዶሮ በብድር ገዝተን በልተን፣ አጥንቱ ከተጣለ በኋላ መስከረምን በሙሉ ብድሩንና የአገልግሎት ክፍያውን ስንከፍል ከከረምን፣ ያ ቀን የምስጋና ቀን ነበር ማለት ይከብደኛል። ምስጋና የሚባለው ለተሰጠን ነገር ነው። የተበደርነውንማ ገና አልተሰጠንም።

"ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ትሉኝ ይሆናል። ተረቱን በደንብ ስሙት። ቀሚሱ አለ እኮ! ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። አውጥተሽ ልበሺው ነው የሚለው፤ ተበድረሽ ግዢ አይልም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። "ቲቸር፣ 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው ምን ይቆጥባል?"

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በቀጥታ ልመልስ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ እያስተማረ በ6,000 ብር የሚኖር ሰው ችግሩ የገቢ ነው እንጂ የመጽሐፍ አይደለም። "ቡና መጠጣት ብትተው ሀብታም ትሆን ነበር" የሚል ምክር ለዚህ ሰው ስድብ ነው። ከ4,760 ወደ 6,000 ሲሄድ ልዩነቱ 1,240 ብር ነው። ግብርና ጡረታ ሲነሳለት 900 ብር ገደማ እጅ ላይ ይቀራል። ይሄ ዘይትና ሽንኩርት ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ቢያልቅም የሰውየው ጥፋት አይደለም። ለዚህ ሰው የኔ ምክር አጭር ነው። ለበዓል አትበደር፣ ባለህ ልክ አክብር፣ አትፈር። ከ900ው 125ቷን የጳጉሜ አድርጎ ማስቀመጥ ከቻለ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

የሚበልጠው ምክር ግን ለሱ አይደለም፤ ትንሽ ለምንሻል ለኛ ነው። "የምስጋና" ያልኩት መስመር እናት ጋ ብቻ አይቁም። ከጎናችን ባለው በር ውስጥ ነገ ወጥ የማይሸትበት ቤት ይኖራል። ከዶሮው ጭልፋ ወጥና ሁለት እንጀራ አድርጎ መላክ ከበጀት አያስወጣም። ቡና ሲፈላ መጥራትም እንደዚያው። ይሄን ያቆየልን መጽሐፍ አይደለም፤ ጎረቤት ነው።

ጭማሪው ጠቀም ለሚላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ገንዘቡን እጃችሁ ሳይለምደው ለዩት። ይሄ እንደሚቻል ማስረጃ አለን። ትናንት፣ ጳጉሜ 4፣ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ሲጣል ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደሞዙን በ12 ወር ከፋፍሎ ቦንድ ገዝቷል። ማንም ሰው በአንድ ቀን የወር ደሞዙን ቁጭ አላደረገም። በየወሩ ከደሞዙ ላይ፣ እጁ ሳይነካው ተቆረጠ፤ ኑሮውም በቀረው ተስተካከለ። ለአገር የሠራ ዘዴ ለቤትም ይሠራል። መስከረም መጨረሻ አዲሱ ደሞዝ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ከጭማሪው ግማሹ ወደ ሌላ ሒሳብ ይሂድ። የድሮው ደሞዛችሁ እስከ ነሐሴ አኑሯችኋል፤ በሱ ላይ ግማሹን ጭማሪ ይዛችሁ ቀጥሉ።

"የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?" ላላችሁኝ መልሴ ይሄ ነው። መጀመሪያ 32 ገጽ ደብተር ግዙ፤ ለልጆች ስትገዙ አንድ ጨምሩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በ2017 ምን እንዳገኛችሁና በማን በኩል እንዳገኛችሁ ጻፉ። ደሞዝ ብቻ አይደለም፤ ያስታመማችሁ፣ ዋስ የሆናችሁ፣ ሥራ ያመለከታችሁ ሰውም ይጻፍ። በሁለተኛው ገጽ የ2018ን በዓላት ከነቀናቸውና ከነወጪያቸው አስፍሩ። በሦስተኛው ዕዳችሁን፣ ትንሹንም ሳትንቁ። ከዚያ በኋላ የክላሰንን መጽሐፍ አንብቡ፤ አጭር ነው፣ በሁለት ማታ ያልቃል። ደብተሩን ሳትጽፉ አሥር መጽሐፍ ብታነቡ ግን የሌላ ሰው ሒሳብ ነው የምታጠኑት።

ነገ ጠዋት በራችሁን የሚያንኳኩ ልጆች አሉ። ሴቶቹ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው ይዘፍናሉ፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ይሰጣሉ። ድሮ ሳንቲም ነበር፣ አሁን ብር ይሰጣቸዋል። ማምሻውን አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበው ሲቆጥሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዷ ትይዛለች፣ ሁሉም ዓይናቸውን አይነቅሉም፣ የመጨረሻዋ ብር እኩል እስክትካፈል ድረስ ማንም አይነሳም። የተሰጣቸውን ያመሰግናሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ይካፈላሉ። ሦስቱንም ማንም አላስተማራቸውም።

ዝርዝር ብር አዘጋጁላቸው። ለእናቶቻችሁም ደውሉ።

መልካም አዲስ ዓመት። ዘመነ ማርቆስ የሰላም፣ የጤናና የበረከት ይሁንልን።